የአበጋዙ አፍ

እስቲ መልሱልኝ፤ አንዲት ልጅ ልትዳር ስትል ወሬውን ከሰፈሩ ሁሉ ኋላ የምትሰማው ራሷ ሙሽራዋ የሆነችው በማን ሕግ ነው? ልብስ ሰፊው ያውቃል፣ ሥጋ ሻጩ ያውቃል፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር «እንኳን ደስ ያለሽ» ይላታል። እሷ ግን «ምን ተገኝቶ?» ብላ ትጠይቃለች። ይህን ባህል ነው ብሎ የሚሟገተኝ ካለ አልሸሸውም። ብቻ አስቀድሞ የሚስራን ታሪክ ይስማ፤ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።

ነገሩ የተጀመረው ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው። የሱቁ ባለቤት ፉአድ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ቢያጣ፣ አንድ ኮምፒውተር ገዝቶ በፍላሽና በሚሞሪ ፊልም እየጫነ መኖር የጀመረ ወጣት ነው። ዝምተኛ ነው። «የህንድ» ላለው የህንድ፣ «የቱርክ» ላለው የቱርክ ጭኖ ይሰጣል። ዋጋ ሲጠየቅ እንኳ ግድግዳው ላይ ወደለጠፈው ወረቀት ይጠቁማል እንጂ አይናገርም።

አንድ ቀን አቶ አብዱራህማን የሱቁን በር ሞልተው ገቡ። ከጊምቢቹ ወደ ሆሳዕና እህል የሚያመላልስ አይሱዙ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከመኪናቸው ጥሩምባ የማያንስ ሰው ናቸው። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ይኼን የጫንክልኝ አንተ ነህ?»

«አዎ አባባ።»

«ምን ቋንቋ ነው?»

«ቻይንኛ ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ተጽፏል።»

«እንግሊዝኛ የማነብ መስዬ ታየሁህ? ሚስቴ ወዳዋለች። ልብሳቸውን ወደደች፣ ፈረሳቸውን ወደደች። ግን ማን የማን ልጅ እንደሆነ አናውቅም! ትናንት አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ተገደለ። ለምን እንደተገደለ የሚነግረን ጠፍቶ ሀሊማ በከንቱ ስታለቅስ አመሸች። ምናልባት እኮ መገደል የሚገባው ሰው ነው!»

«በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ አለ፤ እሱን ልጫንልዎት…»

«ቱርክ አልፈልግም። ጀምሬዋለሁ፣ ይኼንኑ እጨርሳለሁ። ስለዚህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ትመጣለህ፣ ሶፋ ላይ ትቀመጣለህ፣ ከሥር ያለውን ታነብልናለህ።»

እምቢ ለማለት መናገር ያስፈልጋል። ፉአድ ስለዚህ ሄደ።

ሲደርስ ሳሎኑ ሞልቶ ጠበቀው። አቶ አብዱራህማን ከነጋቢያቸው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀሊማ ከነመከዳቸው፣ ከአጥር ማዶ የመጡት ጎረቤት ደግሞ እትዬ ወለተሥላሴ። እትዬ ወለተሥላሴ በወጣትነታቸው ከጎጃም ለማስተማር መጥተው እዚሁ የቀሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። የአገሩን ቋንቋ ሀዲይሳን ቢሰሙም «ገበያ ላይ እከራከርበታለሁ እንጂ አለቅስበትም» ስለሚሉ፣ ለእሳቸው ሲባል ትርጉሙ በአማርኛ እንዲሆን ተወሰነ።

ፊልሙ የድሮ ቻይና ታሪክ ነው። አንድ የጦር አበጋዝ የጎረቤት አገር ወግቶ የንጉሡን ልጅ ይማርካል። ከዚያ በኋላ ግን ማን ማንን እንደማረከ መለየት ያስቸግራል።

ያ ዋጋ ለመናገር የሚጨነቅ ልጅ፣ አበጋዙ አፉን በከፈተ ቁጥር ሌላ ሰው ሆነ። ድምፁ ወፈረ። አዘዘ፣ ተቆጣ፣ ፈከረ። ልዕልቷ ስትናገር ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን እስኪያሰግግ አለሳለሰው።

«ይኼ ልጅ ሆዱ ውስጥ ስንት ሰው አለ?» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ።

«እስቲ ዝም በሉ፣ ሊገድለው ነው!» አሉ አቶ አብዱራህማን።

እንዲህ እያለ ነገሩ ልማድ ሆነ። ፉአድ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ የተጠበሰ በቆሎ ይቀርብለታል፤ አበጋዙ ፈረስ ላይ ይወጣል።

ሚስራ የቤቱ ታናሽ ልጅ ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ያን ሰሞን የማታ ተረኛ ስለነበረች፣ ቤተሰቡ ቻይና መክረሙን የምታውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ተራዋ ተቀይሮ በጊዜ የገባች ዕለት፣ አረንጓዴ ሻሽ አድርጋ ሳሎኑ በር ላይ ቆመች።

አበጋዙ በዚያች ደቂቃ ከወታደሮቹ ጋር ስለ ስንቅ እየተማከረ ነበር። «ለክረምቱ የሚበቃ እህል የለንም» ነው የሚለው፤ ከሥሩ በግልጽ ተጽፏል። ፉአድ ቀና ሲል በሩን አየ። የያዘው ቃል ከአፉ ወደቀ። ዝም እንዳይል ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ስለዚህ እንዲህ አለ፤

«አረንጓዴ የለበሰችው ከገባች ወዲህ፣ የምናገረው ጠፋኝ።»

ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ አፈጠጡ። የሚታየው ጢማም ወታደር ብቻ ነው።

«የቷ ናት አረንጓዴ የለበሰችው?» አሉ ሀሊማ።

«ወደፊት ትመጣለች» አለ ፉአድ፤ ጆሮው እየቀላ።

ሚስራ እንግሊዝኛ ታነባለች። ጽሑፉን አየች፤ ልጁን አየች። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ሳቋን ዋጠችና እናቷ ሥር ተቀመጠች። አባቷ «ከእንግዲህማ አንቺ ታነቢልናለሽ» ሲሏት፣ «ቀኑን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ ስፈታ ውዬ ማታ ደግሞ ቻይና አልዘምትም» አለቻቸው። እውነቱ ሌላ ነበር። በስክሪኑ ላይ በተጻፈውና ከፉአድ አፍ በሚወጣው መሀል አንዲት ትንሽ ክፍተት እንዳለች ያወቀች እሷ ብቻ ነበረች። ሌላ ሰው እንዲገባባት አልፈለገችም።

ከዚያ ወዲህ አበጋዙ ተለወጠ። ስለ ግብር ሊናገር ይጀምርና ስለ ዓይን ይጨርሳል። ወደ ጦር ሜዳ ሲሄድ «ቀኑ አልገፋ አለኝ፤ ምሽቱን ነው የምኖረው» ይላል። ሚስራ ሳል ይዟት የቀረች ዕለት አበጋዙ ጠላቱን አሸንፎ ሳለ «ድል ምን ያደርግልኛል፣ ቤቱ ባዶ ነው» አለ። ሀሊማ አለቀሱ። በማግሥቱ ሚስራ ስትገባ ፉአድ ቀና ብሎ አያትና ቶሎ ዓይኑን መለሰ። እሷም ሳቀች፤ የሳቀችው ግን አበጋዙ ከፈረስ ሲወርድ ጠብቃ ነው። አቶ አብዱራህማን ብቻ አንድ ነገር አላስተኛቸውም።

«ያቺ አረንጓዴ ለባሽ የት ቀረች?»

«ትደርሳለች አባባ» ይላል ፉአድ።

የቻይና ፊልም ልጆቻችንን አበላሸ እያለ በየስብሰባው የሚጮህ ሰው አውቃለሁ። ያ ሰው አንድ ምሽት እዚያ ሳሎን ቢቀመጥ ኖሮ ያፍር ነበር። እጅ አልተነካካ፣ ስልክ አልተለዋወጠ፤ በአባትና በእናት ፊት፣ በአንዲት ጡረተኛ መምህርት ምስክርነት፣ ሁለት ወጣቶች ቀስ ብለው ተዋደዱ። ከዚህ የበለጠ ጨዋነት ካለ ያምጣልኝ።

ችግሩ ጨዋነቱ አልነበረም። ችግሩ የታየው መብራት የጠፋ ዕለት ነው።

ስክሪኑ ድንገት ጠቆረ። ሀሊማ ሻማ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ፤ አቶ አብዱራህማን ቆጣሪ ሊያዩ ወጡ፤ እትዬ ወለተሥላሴ ያሸልባሉ። ሚስራ ድፍረት አገኘች።

«ሥራ እንዴት ዋለ?» አለችው።

«ደህና።»

«ሱቅህ ከመናኸሪያው በየት በኩል ነው?»

«በታች።»

ደግማ ሞከረች። «አበጋዙ ዛሬ ምን ሊል ነበር?»

ፉአድ ወደ ጠቆረው ስክሪን ዞረ። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። መብራት ሲመጣ «እፎይ» ያለው ከሁሉም ቀድሞ እሱ ነበር፤ አበጋዙም ወዲያው የሚያምር ነገር ተናገረ።

ሚስራ ያን ምሽት አልሳቀችም። የታላቅ እህቷ የነኢማ ቤት ትዝ አላት። ነኢማ ጃጁራ ከተማ ነው ያገባችው። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይሠራል፣ ያመጣል። ግን ሳይነጋገሩ ተጋቡ፤ ከተጋቡም በኋላ የሚናገሩበት ቀን አልመጣም። አሁን በልጆቻቸው በኩል ነው የሚነጋገሩት። «ወጡ ጨው የለውም በላት» ይላል አባት። «ጨው ከፊትህ ነው በለው» ትላለች እናት። ልጁ በሁለት የጦር ሰፈር መሀል እንደ መልእክተኛ ይመላለሳል። ሚስራ እዚያ ባደረች ቁጥር እራቷን ሳትጨርስ ትነሣለች። ከድህነት በላይ፣ ከርቀት በላይ የምትፈራው ያንን ማዕድ ነው።

ከዚያ ድልድዩ ላይ ያለው ክፍል ደረሰ። አበጋዙ ከልዕልቷ ጋር ቆሟል። ከሥሩ «ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ» ተብሎ ተጽፏል። ፉአድ ግን በዝግታ፣ ከወትሮው ድምፅ ዝቅ ብሎ፣ እንዲህ አለ፤

«ቤቴ ጠባብ ነው። ግን አባትሽ ደጅ ሰው ብልክ፣ ታሳፍሪኛለሽ?»

ሚስራ ወለሉን አየች። ምን ትበል? በአባቷ ፊት፣ ለአንድ የቻይና ጦር አዛዥ «ላክ» ትበለው? ዝም አለች።

ፉአድ ዝምታዋን አየና ደስ ብሎት ወጣ። በእኛ ዘንድ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ይባላላ! ዝምታን «እሺ» ብሎ የተረጎመውን የመጀመሪያውን ሰው ባገኘው የምለውን አውቃለሁ። ከፉአድ የባሰ ተርጓሚ ነው። ስንቷ ፈርታ፣ ስንቷ ተቆጥታ፣ ስንቷ ግራ ገብቷት ዝም አለች፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ተርጉሞ ዳራት።

እሑድ ሽማግሌዎች አቶ አብዱራህማን ደጅ ቆሙ። ሚስራ መድኃኒት ቤት ነበረች። ወደ ቤት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ ነጂ በመስታወቱ እያያት «እንኳን ደስ ያለሽ፣ የፊልሙ ልጅ ጎበዝ ነው» አላት።

አቶ አብዱራህማን በወጉ «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኙ። በወጉ ደግሞ ሀሊማን ጠየቁ። ሀሊማም በወጉ፣ ጎመን እየቀነጠሱ፣ ሚስራን ጠየቋት።

«ልጁ እንዴት ነው?»

ሚስራ ከንፈሯን ነከሰች። ከንዴት ብዛት ቃል አልወጣ አላት። ሀሊማ ፈገግ ብለው ወደ ባላቸው ሄዱ። «ዝም አለች» አሉ። ነገሩ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበበትም። ሽማግሌ የላከ ልጅ መልስ እስኪሰጠው የልጅቷን ቤት አይረግጥም። ፉአድ ቀረ። አበጋዙ አፍ አጣ።

አቶ አብዱራህማን አንድ ቀን ታገሡ። በማግሥቱ «ሚስራ፣ ነይ አንብቢ!» አሉ። ሚስራ እልህ ይዟት ነበር። ተቀመጠችና የተጻፈውን እንደተጻፈ፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር አነበበች።

«አበጋዙ፦ ከምዕራብ የሚመጣው እህል ዘግይቷል። ወታደሩ፦ መንገዱ ጭቃ ነው። አበጋዙ፦ በቅሎዎቹን ቁጠሩ።»

ሳሎኑ ተደናገጠ።

«ምን ነካው?» አሉ ሀሊማ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም እኮ!»

«ሥልጣን ነው» አሉ አቶ አብዱራህማን። «ሰው ሲሾም እንዲህ ነው። ልጅቷን ረስቶ በቅሎ መቁጠር ጀመረ።»

«ልዕልቷንስ ምን አላት?»

«አሁንም ‹ጎህ ሲቀድ እሄዳለሁ› አላት» አለች ሚስራ።

«በቃ?»

«በቃ።»

እትዬ ወለተሥላሴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አሻሹት፤ መልሰው አደረጉት። ስክሪኑን ሳይሆን የሚስራን ራስ ማየት ጀመሩ። አረንጓዴው ሻሽ እዚያው ነበር። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ያዘ። ሀሊማ ታመሙ ብለው ውሃ አመጡላቸው፤ እሳቸው ግን በሳቅ እየፈረሱ ነበር።

ሲሄዱ ሚስራ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው።

«ስሚ» አሉ እትዬ። «አረንጓዴ ለባሽዋ መጥታ ከርማለች አይደል?»

ሚስራ አቀረቀረች።

«ትወጂዋለሽ?»

«እወደዋለሁ።»

«ታዲያ ይኼ ኩርፊያ ምንድን ነው? ሽማግሌ ልኳል፣ አባትሽ ሊሰጥ ነው። ምን ቀረ?»

«አልጠየቀኝም እትዬ። አባቴን በሽማግሌ ጠየቀ። እኔን በአበጋዙ ጠየቀኝ። እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ በራሱ አፍ ‹ሚስራ› ብሎኝ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ድዳ ነው የሚሆነው። እኔ ዕድሜ ልኬን መብራት እየጠበቅኩ ልኑር? የነኢማን ቤት ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። ግን አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«አንቺስ ተናገርሽ? እሱ በአበጋዙ አፍ ያወራል፣ አንቺ በሻሽ ጫፍ ትስቂያለሽ። እሱ ፈሪ ከሆነ አንቺ ጀግና ነሽ? አፍ እኮ የተሰጠው ለወንድ ብቻ አይደለም፤ እኔ ያስተማርኩሽ ልጅ እንዲህ ስትሆኚ ያናድደኛል!»

እትዬ ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሚስራ ከበሩ ጋ ብዙ ቆመች።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ሀሊማ ከጠዋት ጀምረው የድግስ ምግቡን፣ አተካናን፣ እያዘጋጁ ነበር። ቡላው በቅቤ ሲበስል ሽታው መንገድ ድረስ ወጣ፤ ለእምቢታ አተካና የሚሠራ ቤት ስለሌለ፣ ሰፈሩ መልሱን በአፍንጫው ሰማ። ጎረቤት እየተሰበሰበ መጣ። ፉአድ ልማዱ እንደሚለው አልገባም። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ባፈና ናቸው፤ አገር ያስታረቁ፣ ንግግር የሚያምርላቸው ሰው። ቆመው ተናገሩ። የልጁን ትጋት፣ የሁለቱን ቤት መከባበር፣ ሁሉን በየቦታው አስቀመጡት። በመጨረሻም፤

«የልጅቷንም ነገር ሰምተናል። እናቷ ብትጠይቃት ዝም አለች። ጨዋ ልጅ!» አሉ።

ሚስራ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠችው።

«ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው» አለች።



«ሚስራ!» አሉ አቶ አብዱራህማን።

«አባ፣ እምቢ አላልኩም። እሺም አላልኩም። የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኛ ታዲያ ምን ልናደርግ መጣን ልጄ?» አሉ አቶ ባፈና።

«እናንተ አባቴን ጠየቃችሁ። እኔን የጠየቀኝ አበጋዙ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ ወደ አቶ ባፈና ጎንበስ ብለው «ሌላ ጠያቂ አለ እንዴ? ወታደር ነው?» ሲሉ ተሰማ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ ከጥጉ። «የፊልሙ ነው። ይኼ ልጅ ከሥር የተጻፈውን ትቶ፣ በፊታችን፣ በአበጋዙ ስም የልቡን ሲናገር ነው የከረመው። እኛ ስናለቅስ የነበረው ለእነሱ ነው።»

አቶ አብዱራህማን ፊታቸው ቀስ በቀስ ጠቆረ። «በቤቴ? በሶፋዬ ላይ? በቆሎዬን እየበላ?»

«አንድም ክፉ ቃል አልተናገረም አባ» አለች ሚስራ። «ሁሉንም ሰምተኸዋል። ወደኸዋልም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ይግባና እዚህ ይቁም።»

«ልማዱ አይፈቅድም» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

አቶ አብዱራህማን ልጃቸውን አዩ። ምናልባት በዚያች ደቂቃ ጃጁራ ያለችው ልጃቸውም ትዝ ብላቸው ይሆናል፤ እሳቸው ስለማይናገሩት እኔም በስማቸው አልናገርም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ጥሩት» አሉ።

ፉአድ ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ክፍሉን ሞልቶ የሚያየውን ሰው ሲመለከት ላብ ግንባሩን ወረሰው። ሀሊማ አላስቻላቸውም፤ «አይዞህ» አሉት በሀዲይሳ። ሚስራ ፊት ለፊቱ ቆመች። በመሀላቸው አንዲት ምንጣፍ ብቻ አለች። ቀና ብሎ አያት፤ ይህን ያህል ጊዜ ሳይሸሽ አይቷት አያውቅም። ከዚያ እንደ ለመደው ወደ ጎን ዞሮ፣ ወደ አቶ ባፈና ጆሮ አጎነበሰ።

«አባባ… ይንገሩልኝ፣ እኔ እኮ…»

«አይሆንም!» አለች ሚስራ።

ፉአድ ቀና አለ።

«ለእሳቸው አትንገር። እሳቸው አያገቡኝም። ቴሌቪዥኑም ጠፍቷል፤ ዛሬ የምትደበቅበት ሰው የለም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔም ስደበቅ ነው የከረምኩት፤ ስለዚህ እኔ ልቅደም። ፉአድ፣ እወድሃለሁ። ይኸው አባቴ ሰማ፤ እናቴ ሰማች፤ ሽማግሌውም ጎረቤቱም ሰማ። አሁን አንተ፣ በስሜ ጠርተህ፣ እስከ በሩ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማህ ጮክ ብለህ መልስልኝ፤ ትፈልገኛለህ?»